ከቀዩ መስመር በላይ ያለችው ፍልጥ

ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ነበር፤ ዘንድሮ አራት ዓመቱ ነው። ኪዳን አድርሼ ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ የመድኃኒት ቤቱን ጥግ አልፎ ስለታጠፈ እንደ ልማዴ መጽሐፌን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከመንገዱ ባሻገር በቆሎ ጠባሿ ሴና ጃንጥላዋ ስር ተቀምጣ፣ ዝናብ ያረጠበውን ጭራሮ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። ጭሱ ተትረፍርፏል፤ እሳት ግን የለም። የተላጡት በቆሎዎች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እንደኛው።

በዚህ መሐል አንዲት ያረጀች ነጭ ፒክአፕ የቁመቷን እጥፍ እንጨት ተሸክማ መጣች። ሴና ጋ ልትደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ሽበታም ሹፌሯ ወረዱና ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ላላ አድርገው፣ ከላስቲኩ ስር ሁለት ደረቅ ፍልጦች ሳቡና ጭነቱ ጠርዝ ላይ፣ ዶሮ ቆጥ ላይ እንደምትሰፍረው አድርገው አስቀመጧቸው። ተመልሰው ገብተው ነዱ። ከሴና ፊት ለፊት የመንገድ ጉብታ አለ። መኪናዋ ጉብታውን ስትዘል ሁለቱ ፍልጦች ዷ! ዷ! ብለው በቆሎ ጠባሿ እግር ስር ወደቁ።

«ጋሼ! ጋሼ! እንጨትዎ ወደቀ!» ሴና ብድግ ብላ ጮኸች።

ሰውዬው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። «ይሄ ገመድ! ምን ዓይነት ገመድ ነው የሸጡልኝ! ተይው ልጄ፣ ወገቤን አሞኛል፣ ወርጄ አላነሳም!»

አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ጎማ ሊመቱ የወረዱት ሰውዬ ናቸው ወገቤን የሚሉት። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፊቴን መጽሐፌ ውስጥ ቀበርኩ። ቀና ስል ፒክአፗ ወደ ላፍቶ ታጥፋለች፤ ሴናም «ሰው እንዴት ጭነት ማሰር ያቅተዋል!» እያለች ደረቁን ፍልጥ ትሰነጥቃለች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ እሳቱ ተያያዘ።

ይህን ወሬ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልተነፍስ ይዤው ቆየሁ። ዘንድሮ ግን ያቺ ፒክአፕ ታመመች። የሷ መታመም የሴናን እሳት ሊያጠፋ ሆነ፤ ስለዚህ ስለ ሰውዬው ከሥር ከመሠረቱ ማውራት ግድ ሆነብኝ።

አንድ ሰፈር «አንዲት ብቻ» የሚል ሰው ከሌለው ሰፈር ነው ለማለት ይቸግራል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ተደራርቦ ሲቀመጥ «ጠጋ በሉ እስቲ፣ አንድ ሰው ይይዛል» የሚለው እሱ ነው። ሻንጣው አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ተቀምጦ ዚፑን የሚጎትተውም እሱ ነው። ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ «ቆይ፣ አንዲት ጣሳ ትጨመርበት» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቱ «በቃ» ብሎ አያውቅም። በኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሽ ወጋየሁ ናቸው። እኔ ግን በልቤ «ሊቀ ጫኞች ወጋየሁ» እላቸዋለሁ፤ ለሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው ከዚህ ያነሰ ማዕረግ አይገባቸውም።

ሊቀ ጫኞች ከፉሪ ማዶ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እየጫኑ ለላፍቶ፣ ለጀሞና ለሀይሌ ጋርመንት ያመላልሳሉ። ደጋሽ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ የንግሥ በዓል ሲደርስ ደግሞ ደብራችን፣ ሁሉም የእሳቸው ደንበኛ ነው። ፒክአፗን «እሜቴ» ይሏታል። ከርሷ ጋር የሚነጋገሩትም በትሕትና ነው። «እሜቴ፣ ዛሬ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ይቅርታሽን» ብለው ነው ሞተሩን የሚያስነሱት። አጫጫናቸው የራሱ ሕግ አለው። ሌላ ሰው የኋላው ካሶኒ እስከ ጠርዙ ሲሞላ ጫንኩ ይላል። ለእሳቸው ግን እስከ ጠርዙ ያለው መሠረት ነው፤ ሕንጻው የሚጀመረው ከዚያ በላይ ነው። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከዚያ ሰገነት። ጫኞቹ ደክመው «ጋሼ፣ አሁንስ ይበቃል» ሲሉ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይላሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ሠዓሊ ያዩታል፤ ከዚያ ያችን የታወቀች ቃል ይናገራሉ።

«አንዲት ብቻ። ትችላለች።»

ወደ ላፍቶ በሚወጣው ዳገት ላይ እሜቴ ከኋላዋ ክብደት የተነሳ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሳለች። አንድ ቀን እዚያው ዳገት ሥር ዝናብ ይዞኝ ቆሜ ሳለ አጠገቤ መጥተው የጋቢናውን በር ከፈቱልኝ።

«ነይ ግቢ እህት ዓለም! ዝናብ አይምታሽ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ጋቢናዎን እንዳላበላሽ።»

«ግቢ ስልሽ! አንቺን የመሰለ ሰው ነበር ስፈልግ የቆየሁት።»

ደግነታቸው አንጀቴን በላው፤ ገባሁ። ዳገቱን ወጥተን ስናበቃ፣ «ተባረኪ» አሉኝ፤ «ከፊት የምትከብድልኝ ሰው ባላገኝ ኖሮ ጎማው መሬት አይነካም ነበር።» ከዚያ ወዲህ በጾም ወራት ከሳሁ ብዬ የተደሰትኩ ጊዜ ሁሉ የእሳቸው ዳገት ትዝ ይለኛል።

ሌላ ጊዜ አንድ ትራፊክ አስቆማቸው። ጭነቱን ዞሮ ዞሮ አየና «አባት፣ ይሄ መኪና ነው ጫካ?» አላቸው።

«ጌታዬ፣ ጫካማ ሰሌዳ የለው!»

ትራፊኩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሲመለስ ግን ሕግ ሕግ ነውና ከላይ ያለውን አሥር ፍልጥ አሁኑኑ ያውርዱ አላቸው። ሊቀ ጫኞች እያጉረመረሙ አወረዱ። ያወረዱት ደግሞ አንድ የሚሠራ ሕንጻ አጥር ጋ ነው። ዘበኛው መሐሙድ የሻይ በራዱን በካርቶን እሳት ሲያሞቅ የሚውል ሰው ነው። «እስክመለስ ጠብቅልኝ» አሉት። ይኸው አልተመለሱም። ቆይቼ ሳስበው፣ ያን ቀን በዚያ መንገድ ትራፊክ እንደሚቆም አውቀው የሄዱ ይመስለኛል።

ሰፈሩ ሁሉ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ ወጋየሁ ሲጭኑ ልክ አያውቁም፣ ሲያስሩም አይችሉበትም። ከእሜቴ እንጨት የማይወድቅበት ቀን የለም። አንዳንዴ በደብራችን ቅጥር ያሉት መነኩሲት የእማሆይ ጎጆ በር ላይ፣ አንዳንዴ መሐሙድ ጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሴና ፊት። ሰው ይስቅባቸዋል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቋጠሮ ያልተማረ!» ይሏቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ሴናን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ዝም ብለው ለምን አይሰጧትም?» ይል ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ባሏ ጀሞ አንድ ፎቅ ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ አልጋ ከያዘ አምስተኛ ዓመቱ ነው፤ በጋ ድንች እየቀቀለች፣ ክረምት በቆሎ እየጠበሰች ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ይህን ሰምቼ የሁለት በቆሎ ከፍዬ አንዱን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ሳልቀመጥ ሴና እየሮጠች ደረሰች፤ በመስኮቱ በኩል ትኩሱን በቆሎ ጭኔ ላይ ወረወረችው።

«ያልሸጥኩትን ብር አልወስድም እትዬ! እኔ ሠርቼ ነው የምበላው!»

ቀሚሴ ላይ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። እንዲህ ላለች ሴት ነው እንጨት መውደቅ ያለበት።

ስለ እንጨት ሳነሳ ያለፈው ዘመን ይመጣብኛል። እናቴን ይዤ ላፍቶ ስገባ ግማሹ ገና የእርሻ ማሳ ነበር። ያን ጊዜ የጭነት እንጨት ደጅ ላይ ሲራገፍ ድምፁ ከሦስት ግቢ ማዶ ይሰማል። ሰው አንገቱን ያወጣና «የማን ድግስ ነው?» ይላል። ሳይጠራ የሚመጣ፣ ሳይለመን የሚያራግፍ ሰው ሞልቶ ነበር። አሁን ድግሱ በአዳራሽ ሆነ፣ ወጡም ተሠርቶ በመኪና ይመጣል፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ደግሞ ሁሉም በየበሩ ምድጃውን ሰክቶ ዝም ነው። ክፉ ነው አልልም፤ የስንቱ እናት ዓይን ከጭስ ተርፏል፣ ተመስገን። ቢሆንም ያ የፍልጥ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ጋሽ ወጋየሁ የለቅሶ እንጨትና የሠርግ እንጨት ይለያሉ። የሠርጉ ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚነድ ነው። የለቅሶው ግን ቀጭን፣ ዓመት የቆየ፣ አጥንት የመሰለ ደረቅ መሆን አለበት። ምክንያቱን አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። «ኀዘንተኛ በጭስ ደግሞ ማልቀስ የለበትም» አሉኝ፤ «የራሱ ይበቃዋል።» እናቴ ያረፈች ጊዜ የእድሩ ድንኳን ሳይተከል በፊት ደርሰው ያራገፉት ይህንኑ ነው። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አራግፈው ጨረሱና ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ሞተር ሲነሳ ስጠብቅ፣ አንድ ፍልጥ በክንዳቸው ታቅፈው ተመለሱ። ክምሩ ላይ አስቀመጧትና ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «አንዲት ብቻ» አሉ። ያ እንጨት እስከ አርባዋ አደረሰን። ስማቸውን በጸሎቴ ማንሳት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ይህ ቀድሞ የመድረስ ልማድ ግን አንድ ጊዜ ጉድ አፈላ። የግቢ ጎረቤቴ ጋሽ ኢያቄም ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አንድ ማለዳ ሊቀ ጫኞች በደጃችን ሲያልፉ የእድር ወንበር በጋሪ ወደ ጋሽ ኢያቄም ግቢ ሲገባ አዩ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? በአንድ ሰዓት ውስጥ እሜቴን ሙሉ የለቅሶ እንጨት ጭነው ደረሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንድ በአንድ ሳያንኳኩ አራገፉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ኢያቄም በፒጃማ፣ ከዘራ ይዘው ወጡ። ከሆስፒታል የተመለሱት በዋዜማው ነው፤ ወንበሩም ለልጃቸው ለቲና ሽማግሌ ስለሚመጣ ነው።

«ወጋየሁ! ምን ሆነሃል? ማን ሞቶ ነው?»

ጋሽ ወጋየሁ ቀና ሳይሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ኢያቄም ነዋ!» አሉ።

ከዚያ ቀና አሉ።

የዚያን ዕለት ጩኸት ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሰምተውታል። ጋሽ ኢያቄም ከዘራቸውን አንስተው «ጫን! አሁኑኑ መልሰህ ጫንልኝ!» ሲሉ ሊቀ ጫኞች ደግሞ «የለቅሶ እንጨት አንዴ ከወረደ ተመልሶ አይጫንም! ሌላ ቤት ይዤ ልሂድ? ሰው ልግደል?» ይላሉ። በዚህ አልተስማሙም፤ እንጨቱ ግን ቀረ። ጋሽ ኢያቄም ክምሩን አጥራቸው ጥግ በላስቲክ ሸፈኑትና ማንም እንዳይነካው አዘዙ። በየዓመቱ ያችን ቀን እየጠበቁ ከክምሩ አምስት አምስት ፍልጥ ብቻ ያስወጡና ጸበል ጸዲቅ ያዘጋጃሉ። ሊቀ ጫኞችም ይጠራሉ። «ብላ ወጋየሁ፣ በሞቴ የበሰለ ነው» ብለው ያጎርሷቸዋል። ክምሩ ገና ብዙ ነው፤ ሰውዬውም ደህና ናቸው።

አሁን ወደ ሕመሙ ልመለስ። ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እሜቴ ዳገቱ መሐል ስትደርስ ከሆዷ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማች። መካኒኩ ቦና ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለው ዘይት ብቻ አልነበረም፤ ሐዘንም ነበረበት። እኔም ከጋሽ ወጋየሁ ባለቤት ከወይዘሮ ሸዋረገድ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋራዡ ደጅ ደርሰን ነበር፤ ሁሉን ሰማን።

«ጋሼ፣ ሻንሲው ተሰንጥቋል» አለ ቦና። «ሁለቴ ተበይዷል። አሁን ሦስተኛዬን እበይዳለሁ። አራተኛ የለም።»

«ትችላለች።»

«አትችልም።»

ጋሽ ወጋየሁ ልጁን አዩት። በሠላሳ ዓመት ይህን ቃል በፊታቸው የተናገረ ሰው አልነበረም።

«ትንሽ ከፍ አድርገው ከጫኑ ከመሐሏ ትከፈላለች» ቀጠለ ቦና። «ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ እርስዎንም ይዛ ነው የምትሄደው።»

«አንዲት ብቻስ?»

«አንዲትም!»

ወይዘሮ ሸዋረገድ ነጠላቸውን አጠበቁ። «አራት ወልጄ አምስተኛ፣ የሟች እህቱን ልጅ፣ 'አንዲት ብቻ' ብሎ አመጣልኝ። እሺ አልኩ፤ ዝማሬዬን እግዜር ያሳድግልኝ፣ አልተጸጸትኩም። አልጋው የማይበቃቸው እንግዶች አመጣልኝ፣ እሺ አልኩ። ባሌን ግን ለፍልጥ አልሰጥም!» አሉና ወደ ቦና ዞሩ። «ቀለም የለህም?»

ቦና ቀይ ቀለም አመጣ። በካሶኒው ውስጥ፣ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ፣ ዙሪያውን መስመር አሰመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሜቴ ቁልፍ የሚያድረው ወይዘሮ ሸዋረገድ ትራስ ስር ነው። ጠዋት የሚሰጡት በመሐላ ነው፤ ማታ ደግሞ የሰፈሩን ሰው እየጠየቁ ያጣራሉ። «ዛሬ መስመሩ ታይቷል?» ነው ጥያቄያቸው። መስመሩ ከታየ ባል አለ ማለት ነው።

ሊቀ ጫኞች ታዘዙ። እንጨታቸው ከመስመሩ በታች ተኝቶ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ በሁለት ገመድ ታስሮ ሲያልፉ ሰው ማመን አቃተው። «ሠለጠኑ!» አሏቸው። ያቆማቸው ትራፊክ እንኳ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፋቸው። ሁሉም ደስ ሲለው እሳቸው እየጠወለጉ መጡ። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ወደ ሴና ሳያዩ ያልፋሉ። ከመኪናዋ አንዲት ስንጣሪም አትወድቅም።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ዘንድሮ ብሶበታል። ባለፈው ማክሰኞ ከኪዳን ስመለስ ሴና እርጥብ ጭራሮ ላይ ተደፍታ ትነፋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። በቆሎዎቹ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ የጠቆረ ነው። ሁለት ደንበኞች ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። አንድ በቆሎ ገዛሁ፤ በልኩ ከፈልኩ፤ ምን አቅም አለኝ።

«እትዬ» አለችኝ፤ መልሱን ስትሰጠኝ ወደ መንገዱ እያየች። «እኚያ ጋሼ ጭነት ማሰር ተማሩ እንዴ?»

«ተምረዋል መሰለኝ።»

«ጎበዝ» አለችና ካርቶኗን አነሳች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ጋሽ ወጋየሁ ናቸው፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ያለ እሜቴ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ያነሱ መሰሉኝ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በሩ ጋ ቆመው ኮፍያቸውን ያሻሻሉ።

«እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሰው የሸክሙን ነገር ለእሳቸው ሲናገር የኖረ ነው፤ እሳቸው ሰውን አስቸግረው አያውቁም። «ይዘዙኝ» አልኩ።

«ለኪዳን ስትወጪ በሴና በኩል ነው አይደል የምታልፊው?»

«በየቀኑ።»

«ያን ቀንም አልፈሻል። እዚያ ሰልፍ ላይ ሆነሽ አይተሽኛል።»

«የቱን ቀን? እኔ ምንም አላየሁም፤ አነብ ነበር።»

«መጽሐፉን ገልብጠሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ይኸውልሽ» አሉ። «ሞልቶ የተረፈ ጭነት ይወድቃል፤ ማንም አይጠረጥርም። ከቀዩ መስመር በታች የተጫነ እንጨት ግን አይወድቅም። ቢወድቅስ ማን ያምናል? እኔ እኮ ያለ ልክ የምጭነው ስለምወድ ብቻ መሰለሽ? መስመሩን እንዳልተላለፍ ደግሞ ለሸዋረገድ ምያለሁ። የእማሆይን ድርሻ የደብራችን ዲያቆን ተቀብሎኛል። የመሐሙድን ቦና ራሱ ይጥላል።»

«ቦና? መስመሩን ያሰመረው?»

«አዎ፣ እሱ። የቀረችው ሴና ናት።»

«ይሄ ምን ችግር አለው ጋሽ ወጋየሁ! ጠዋት ጠዋት ይዤላት እሄዳለሁ። ከርስዎ ነው ብዬ እሰጣታለሁ።»

«ኧረ በማርያም!» ሁለት እጃቸውን አነሱ። «እንዳትሰጫት! ከሰጠሻት ትመልሰዋለች። ከመለሰችው ደግሞ እስከዛሬ የወደቀው ሁሉ የተሰጣት መሆኑ ይገባታል። አራት ዓመት ያነደደችው እሳት ሁሉ ይቆጫታል። አትስጫት፤ ጣይላት።»

«ሰው ከነጠላው ውስጥ ፍልጥ ይወድቅበታል እንዴ?»

«ያንቺን ነገር ማን ይጠረጥራል? እያነበብሽ የምትሄጂ ሰው ነሽ። ከምንሽ ምን እንደሚወድቅ መች ታውቂያለሽ?»

ባለፈው ወር አንድ ጫማዬን ታክሲ ውስጥ ትቼ መውረዴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እንጨቱስ ከየት?» አልኩ።

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ኢያቄም ድምፅ መጣ፤ ለካ ቆመው ሲያዳምጡ ኖሯል። «ከኔ ክምር ነዋ! ደረቅ የለቅሶ እንጨት ነው፤ ጭስ የለውም! ውሰጂ፣ የኔ ሞት ለአንድ ሰው እንኳ ይጥቀም! ግን ቀስ እያልሽ ጨርሺው፤ አልቸኮልኩም!»

ጋሽ ወጋየሁ ወደ አጥሩ ሄዱ። አንድ ቀጭን ፍልጥ ተቀበሉ፤ በጥፍራቸው አንኳኩተው ድርቀቱን አዳመጡ። ተመልሰው በር ላይ የሰቀልኩትን የመጽሐፍ ቦርሳዬን ከፈቱ። ውስጡ ሁለት መጻሕፍት፣ ውዳሴ ማርያሜና አንድ የጸበል ጠርሙስ አሉ። ፍልጧን በመጻሕፍቱ መሐል ቀስ አድርገው አስገቧት፤ ልክ ገባች። ከዚያ እጃቸውን እንደገና ወደ አጥሩ ዘረጉ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ማንገቻው ይበጠሳል!»

ቦርሳውን በአንድ ጣታቸው አንስተው ክብደቱን አዩ። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከሐምሌ ወዲህ ጠፍቶ የነበረው ፊታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ።

«አንዲት ብቻ» አሉ። «ትችላለች።»